የሌለው ቢራና የመካነ ሰላም ቀሪቦ

«ቢራው የለም፤ ክሱ ግን አለ ነው የምትለኝ?» አለ ወዳጁ።

አምደኛው አዎ አለው። ደፍ የሚባለው ቢራ ሆመር ሲምፕሰን የሚጠጣው የካርቱን መጠጥ ነው። «ዘ ሲምፕሰንስ» የተባለው አስቂኝ ተከታታይ እ.ኤ.አ. በ1989 በአሜሪካ ቴሌቪዥን ሲጀምር ደፍን የጠመቀ ማንም አልነበረም። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ አውስትራሊያ ውስጥ ጠማቂዎች በዚሁ ስም እውነተኛ ቢራ በቆርቆሮ አሽገው ለገበያ አቀረቡ። የሆመርን መልክ አልሳሉም፤ ያነሱት ስሙን ብቻ ነው። የካርቱኑ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ከሰሳቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1996 የአውስትራሊያ ፌዴራል ፍርድ ቤት ፈረደባቸው። ጠጪው ቆርቆሮውን ሲያይ ሆመርን ማስታወሱ አይቀርም፣ ጠማቂዎቹም የፈለጉት ይህንኑ ነው ተባለ።

«አጃኢብ!» አለ ወዳጁ። የወሎ ቦረና ልጅ ነው፤ መካነ ሰላም ተወልዶ ያደገ።

የገረመው ክሱ ነበር። አምደኛውን ግን የበለጠ የሚይዘው ከዚያ በፊት ያለው ነገር ነው፤ ሠዓሊዎቹ ያንን ቢራ ለምን ፈጠሩት? እ.ኤ.አ. በ1993 በታየ አንድ ክፍል ሆመር የደፍን ፋብሪካ ይጎበኛል። ሦስት ትልልቅ ጋኖች ተደርድረዋል፤ አንዱ ደፍ፣ አንዱ ቀላል ደፍ፣ አንዱ ደረቅ ደፍ ይላል። ሦስቱንም የሚሞላቸው አንድ ቧንቧ ነው። የማስታወቂያን አሠራር ለልጅ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ሥዕል ከየት ይመጣል?

ሲምፕሰንስ በአሻንጉሊት ላይ የሠራው ክፍልማ ከዚህም ይጠልቃል። እ.ኤ.አ. በ1992 የተሸጠች አንዲት የምትናገር ባርቢ የሒሳብ ትምህርት እንደሚከብዳት ትናገር ነበር፤ ወላጆችና መምህራን ተቆጡ፣ የሠራት ኩባንያም ንግግሩን አወጣው። ሲምፕሰንስ እ.ኤ.አ. በ1994 መልሱን ማሊቡ ስቴሲ በምትባል ምናባዊ አሻንጉሊት ሰጠ። ትንሿ የሆመር ልጅ ሊሳ ስቴሲ የምትናገረውን ሰምታ ትናደዳለች፤ አስተዋይ ቃል የምትናገር ሌላ አሻንጉሊት ታሠራለች። ሱቅ ልትገባ ስትል ግን ኩባንያው ያችኑ የድሮዋን ስቴሲ አዲስ ባርኔጣ ደፍቶባት ያወጣታል። ልጆቹ ሁሉ ወደ ባርኔጣው ይሮጣሉ። ሊሳ ተሸንፋለች ማለት ይቻላል፤ አንዲት ሕፃን ግን የእሷን አሻንጉሊት አንስታ ትሄዳለች።

«ይኼ እነሱ አገር ነው፤ የእኛ ልጆች ምን አገናኛቸው?» አለ ወዳጁ።

እንዴት አያገናኛቸው! እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች በዜናውም፣ በኳሱም፣ በድራማውም መካከል የሚዘፈነው ቢራ ነበር። ልጆች ግጥሙን በቃላቸው ይወጡት ነበር። በዚያ ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አገደ፤ ዕድሜው 21 ላልሞላው ሰው መሸጥንም ከለከለ። ቢራ ለጣቢያዎች ትልቅ ገቢ ነበርና ውሳኔው ቀላል አልነበረም። አምደኛው ግን ሕጉን ያለ ማመንታት ይደግፈዋል።

የሲምፕሰንስ ፈጣሪ ማት ግሬኒንግም ደፍ በእውን እንዲጠመቅ ፈቃድ ሳይሰጥ ረጅም ጊዜ ቆይቷል፤ ምክንያቱ ሕፃናትን ወደ መጠጥ ይስባል የሚል ስጋት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 የሲምፕሰንስ ፊልም ሲወጣ ሰቨን ኢለቨን የተባለው የሱቆች ኩባንያ በአሜሪካና በካናዳ 12 መደብሮቹን በካርቱኑ ሱቅ መልክ ቀባ። የካርቱኑ ኮላም፣ የቁርሱ እህልም እውን ሆነው ተሸጡ። ደፍ ግን መደርደሪያ ላይ አልወጣም። በኋላ በአሜሪካ የመዝናኛ ፓርክ ውስጥ እየተቀዳ መሸጡ አምደኛውን ያሳዝነዋል፤ በቀልድ የተተቸው ነገር ራሱ ሸቀጥ ሆኗልና።

ወዳጁ ዝም ብሎ ቆየና፣ «እኛ ብንሠራውስ? የመካነ ሰላምን ካርቱን» አለ።

ሠሪ አይጠፋም። «ጸሐይ መማር ትወዳለች» በአሻንጉሊት ቀጭኔ የአገራችንን ሕፃናት ፊደል ያስተማረ ዝግጅት ነው። ይህንኑ የሠራው ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ ልዩ ኃይል ያላቸውን ሦስት ልጃገረዶች የያዘውን «ጥበብ ገርልስ» የተሰኘ ካርቱንም አውጥቷል። ታሪኩ ቦረና ሳይንት ላይ ቢሆን ደግሞ ሥዕሉ ራሱ ይመጣል፤ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ያሉበት የደንቆሮ ጫካ፣ ወደ ዓባይ የሚወርደው ገደል፣ የደጋው ገብስ።

«ቢራማ አናስገባበትም። ቀሪቦ እናድርገው» አለ ወዳጁ።

አምደኛው ልቡ ደስ አለው። ቀሪቦ በወሎ የታወቀ መጠጥ ነው፤ ገብሱ ጠቆር እስኪል ይቆላል፣ ከውሃ ጋር ይፈላል፣ ይጠለልና ስኳርና እርሾ ገብቶበት ያድራል። አያሰክርም፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በሠርግና በበዓል አብሮ ይጠጣዋል። ካርቱኑ ውስጥ አንድ ነጋዴ ቢመጣና አንዱን እንስራ ቀሪቦ በሦስት ጠርሙስ ገልብጦ፣ አንዱን «ቀላል»፣ አንዱን «ልዩ»፣ አንዱን «የከተማ» ብሎ በሦስት ዋጋ ቢሸጥ፣ የጠመቀችው ሴት ልጅም ብታየው፣ የሳይንት ልጅ ሁሉ ነገሩ ይገባዋል።

«ካርቱኑ ቢወደድስ? አንዱ ባለገንዘብ ስሙን ይዞ እውነተኛውን ቀሪቦ ያሽግበታል፤ የእኛ ሴቶች ግን ያችኑ እንስራ ታቅፈው ይቀራሉ» አለ ወዳጁ።

የአውስትራሊያው ክስ እዚህ ላይ ለቦረናም ይጠቅማል። የአገራችን የ1998 ዓ.ም. የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501 ማኅበራት የጋራ ምልክት እንዲያስመዘግቡ ይፈቅዳል። ቀሪቦ የሚለው ቃል የሁሉም ነው፤ ማንም የግሉ ሊያደርገው አይገባም። ለካርቱኑ የሚወጣውን ስም ግን ጠማቂዎቹ ተደራጅተው ከሥርጭቱ በፊት ቢያስመዘግቡት፣ በኋላ የሚመጣው ነጋዴ እነሱን ሳያነጋግር አያልፍም።

«እንዲያ ከሆነ» አለ ወዳጁ፣ «ሠዓሊው ሳይጠራ መጀመሪያ ጠማቂዎቹን እናነጋግር።»