ኦክስጅን ምን በደለ?

«ሚሊሜትር ሞገድ ለቤት ውስጥ አይረባም፤ አየሩ ራሱ ይውጠዋል፣ ግድግዳም አያልፍም» የሚለውን ጽሑፍ አነበብኩት። ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዞ ሙሉ ፍርድ ሰጥቷል።

ኦክስጅን በ60 ጊጋኸርዝ አካባቢ ሲግናሉን ይመጥጣል፤ ልክ ነው። መጠኑ ግን በኪሎ ሜትር 15 ዴሲቤል ገደማ ነው። የጸሐፊው ሳሎን ስንት ኪሎ ሜትር ቢረዝም ነው? በ10 ሜትር ክፍል ውስጥ በዚህ ምክንያት የሚጠፋው 0.15 ዴሲቤል፣ ማለትም ከቁጥር የማይገባ ነው።

የሚከራከርበት ጠንካራ ነጥብ እኮ ነበረው። አንቴናዎቹ እኩል አቅም ካላቸው፣ በ60 ጊጋኸርዝ የሚደርሰው ኃይል በ2.4 ጊጋኸርዝ ከሚደርሰው በ28 ዴሲቤል፣ ማለትም ከ600 እጥፍ በላይ ያንሳል። ይህን ግን አላነሳም። ቢያነሳም መልስ አለው፦ የሞገዱ ርዝመት 5 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ 16 አንቴናዎች በአንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ ይደረደራሉ። ተባብረው ኃይሉን ወደሚፈለገው አቅጣጫ ያነጣጥሩታል።

ዋናው ራስ ምታት ሰው ነው። አንድ ሰው በመሃል ሲያልፍ ሲግናሉ 20 ዴሲቤልና ከዚያም በላይ ሊወድቅ ይችላል። ያኔ መሣሪያው ከግድግዳ ወይም ከኮርኒስ ነጥሮ የሚመጣ ሌላ መንገድ ፈልጎ ጨረሩን ያዞራል።

ግድግዳ አያልፍም መባሉስ? እሰየው! ጎረቤትዎ ያንኑ ቻናል ሳይረብሽዎ ይጠቀምበታል። እ.ኤ.አ. በ2012 የጸደቀው 802.11ኤዲ የተባለው የዋይፋይ ስታንዳርድ 2.16 ጊጋኸርዝ ስፋት ባለው ቻናል በሰከንድ 7 ጊጋቢት ገደማ ያስተላልፋል። በአንድ ሳጥን ቤቱን ሙሉ ይሸፍናል ብሎ ቃል የገባ ግን ማን ነው?