ለውጭ አገር መንገደኛ የሚያስፈልግ የምንዛሪ ጥንቃቄ

በአቃቂ ቃሊቲ በኩል ወደ ባሕር የሚወስደው መንገድ ከውጭ አገር ገንዘብ ጋራ ሲያገናኝ የኖረ ነው። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የምድር ባቡር በአቃቂ ያልፍ ነበር፤ ዛሬም ከቃሊቲ የሚነሡት የጭነት መኪናዎች ወደዚያው ወደብ ይመላለሳሉ። ለትንሣኤ በዓል ኢየሩሳሌምን ለመሳለም የሚነሡ ምእመናንም አሉ። ነጂውም ሆነ ተሳላሚው ከአገር ሲወጣ አንድ ጉዳት ይጠብቀዋል፤ እርሱም በገንዘብ ለውጥ ምክንያት ሳይታወቅ የሚጐድለው ገንዘብ ነው።

የቀደሙ አባቶች 1780 የሚል ዓመት የታተመበትን የማርያ ትሬዛን ብር ሲቀበሉ ምስሉንና የጌጡን ነጥብ ሳይመረምሩ ከኪሳቸው አያገቡም ነበር። የዛሬ መንገደኛ ግን የወረቀቱን ገንዘብ እየቈጠረ የምንዛሪውን ተመን ሳይጠይቅ ይሄዳል። ገንዘብ ለዋጭ ዋጋውን የሚወስደው በሁለት መንገድ ነው፤ አንዱ በግልጽ የሚነገረው ኮሚሽን ሲሆን፣ ሁለተኛው በተመኑ ውስጥ የተሰወረው ነው። «ኮሚሽን የለም» የሚል ጽሕፈት የተሰቀለበት ቤትም ቢሆን ሁለተኛውን ሊወስድ ይችላል።

ለዚህ ጅቡቲ መልካም ምሳሌ ትሆናለች። የዚያች አገር ፍራንክ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአንድ የአሜሪካ ዶላር 177.721 ሆኖ ተተምኗል። ስለዚህ የ100 ዶላር ልክ 17,772 ፍራንክ መሆኑን ያወቀ ሰው 17,200 ቢሰጡት የጐደለው 572 ፍራንክ የለዋጩ ዋጋ መሆኑን ወዲያው ይረዳል፤ ያላወቀው ግን አመስግኖ ይሄዳል።

ኤቲኤም በሚባለው የገንዘብ መክፈያ መኪና ዘንድ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ያሻል። መኪናው ሒሳቡ በአገሩ ገንዘብ ይሁን ወይስ በካርዱ ባለቤት ገንዘብ ይሁን ብሎ የሚጠይቅበት ጊዜ አለ። ሁለተኛው ለእንግዳው የሚመች ይመስላል፤ ነገር ግን ያን ጊዜ ተመኑን የሚቈርጠው የመኪናው ባለቤት ወገን ስለ ሆነ ብዙውን ጊዜ ይወደዳል። በኢየሩሳሌም ሰቅልን፣ በዱባይ ድርሃምን መምረጥ ይሻላል። ደግሞም መኪናው በየጊዜው 5 ዶላር የሚያስከፍል ቢሆን፣ 100 ዶላር አምስት ጊዜ ያወጣ ሰው 25 ዶላር ሲከፍል፣ 500 ዶላር በአንድ ጊዜ ያወጣው 5 ብቻ ይከፍላል። ከዚህም በላይ የራሱ ባንክ የሚጨምረው ክፍያ እንዳለ ከመነሣቱ በፊት መጠየቅ ይገባዋል።

ይህ ነገር የአንድ ሰው ኪስ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ወደ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር ከዚያ ወዲህ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። በከንቱ የሚከፈለው እያንዳንዱ ዶላርም አገር በቡናና በሌላ ምርት ደክማ ያገኘችው ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2017 ዓ.ም. ባንኮች በውጭ ምንዛሪ ላይ የሚያስከፍሉት ከ4 ከመቶ እንዳይበልጥና ለይተው እንዲያስታውቁ ማዘዙ ለዚህ መልካም መነሻ ነበር።

ትእዛዝ ግን ሕዝብ ካላወቀው ፍሬ አይሰጥም። የባንክ ሹማምንት በቃሊቲም ሆነ በሌላው ስፍራ ያለው መንገደኛ ካርድ ወይም ዶላር ከመቀበሉ በፊት ጠቅላላ ወጪውን በአማርኛ ተጽፎ እንዲያይ ቢያደርጉ ግዴታቸውን ፈጸሙ ማለት ነው። ካህናትም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 21 ስለ ተጻፈው ስለ ገንዘብ ለዋጮች ሲያስተምሩ፣ በዚያ ዘመን ከሩቅ የመጣ ተሳላሚ የቤተ መቅደሱን ግብር ለመክፈል የለውጥ ዋጋ ይጠየቅ እንደ ነበረ ያስታውሳሉ፤ ዛሬ ለሚነሣው ተሳላሚም ይህን ምክር ቢጨምሩለት ለሻማና ለምጽዋት ያሰበው ገንዘብ በመንገድ አይቀርበትም።