መሠረቱ የጸና ዘፈን

ዘፈን በተሰማ ጊዜ ጭብጨባው ብዙውን ጊዜ ለዘፋኙ ነው። ከሥር ሆኖ ዘፈኑን የተሸከመውን ሰው የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። በዛሬው ሰንበት ስለ አንድ የዳንስ ዘፈን ልንናገር የተነሣነው ይህንኑ ጉዳይ አጉልቶ ስለሚያሳየን ነው።

ዘፈኑ «ጉድ ታይምስ» ይባላል፤ መልካም ጊዜ ማለት ነው። «ሺክ» የተባለው የአሜሪካ የሙዚቃ ጓድ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1979 ዓ.ም. በሸክላ አወጣው። ደራሲዎቹ ጊታር መቺው ናይል ሮጀርስና ቤዝ ጊታር መቺው በርናርድ ኤድዋርድስ ናቸው።

ጊዜው ግን መልካም አልነበረም። አሜሪካ በነዳጅ እጥረትና በኑሮ ውድነት ተጨንቃ ነበር። በዲስኮ ሙዚቃ ላይም ጥላቻው በርትቶ፥ በዚያው ዓመት ጁላይ 12 ቀን በቺካጎ ስታዲዮም ውስጥ የዲስኮ ሸክላዎች ተሰብስበው በፈንጂ እንዲወድሙ ተደረገ። የሆነ ሆኖ በማግሥቱ ወር «ጉድ ታይምስ» በአሜሪካ የዘፈኖች ደረጃ አንደኛ ወጣ። ፋሽኑ አልፎ ብዙዎቹ ዘፈኖች ሲረሱ እርሱ ዛሬም ሰውን ከመቀመጫው ያስነሣል።

ምሥጢሩ ምንድን ነው? የኤድዋርድስን ቤዝ ልብ ብሎ ያዳመጠ ሰው መልሱን ያገኘዋል። አንዱን ድምፅ ሦስት ጊዜ ረግጦ ይጀምራል፤ ቀጥሎ እንደ ሰው እርምጃ ይንቀሳቀሳል፤ ደግሞ ይመለሳል። በዘፈኑ መካከል ድምፃውያኑ ዝም ሲሉ፥ ቤዙና የቶኒ ቶምሰን ከበሮ ብቻ ይቀራሉ፤ ዘፈኑ ግን አይፈርስም። ጣሪያው ቢነሣም መሠረቱ ቆሟልና!

ይህን መሠረት ሌሎችም ወደዱት። በዚያው ዓመት «ሹገርሂል ጋንግ» የተባሉት ወጣቶች ያንኑ የቤዝ ምት ከሥር አስመትተው፥ ግጥማቸውን በንግግር ስልት አወረዱበት። ራፕ የሚባለውን ስልት ለሰፊው ሕዝብ ካስተዋወቁት ዘፈኖች ግንባር ቀደሙ ይኸው ነው። ነገር ግን የባለቤቶቹ ስም በመጀመሪያ አልተጻፈም ነበር። ሮጀርስና ኤድዋርድስ በሕግ እንጠይቃለን ባሉ ጊዜ ስማቸው በደራሲነት ገባ። ኤድዋርድስ በ1996 ዓ.ም. በቶኪዮ ከጓደኞቹ ጋር ከተጫወተ በኋላ ወዲያው ዐረፈ፤ ምቱ ግን ከነስሙ ይኖራል።

ወጣቶች ሆይ፥ ነገሩ የዳንስ ብቻ አይምሰላችሁ። የመዝገብ ቤቱ ጸሓፊ ፋይሉን ባያቀና የኃላፊው ውሳኔ ከየት ይመጣል? የጓደኛውን ማስታወሻ አጥንቶ ፈተናውን ያለፈው ተማሪስ ብቻውን ነውን ያለፈው? ከሥር መሥራት ውርደት አይደለም፤ ሥራው የጸና ከሆነ ከጭብጨባው ይልቅ ዕድሜ አለው። በሌላው ድካም ላይ የቆመ ሰው ደግሞ የባለድካሙን ስም ሳይጠየቅ ይጥራ። ክስ እስኪመጣ መጠበቅ ለዘፋኝም ለሹምም አያምርም።