«ዶሮዬ ለምጽ ያዛት ተባለ፤ ልትታረድብኝ ነው!»

ጥያቄ፡- እኔ ዕድሜዬ 21 የሆነ፣ አዲስ አበባ ከቤተሰቦቼ ጋር የምኖር ወጣት ነኝ። እንደ እኩዮቼ የፍቅር ችግር ይዤ አልመጣሁም፤ አትሳቁብኝ እንጂ የኔ ጭንቀት ዶሮ ናት። ከጫጩትነቷ ጀምሮ ያሳደግኳት፣ ስጠራት የምትመጣ፣ እንቁላሏን እየሸጥኩ የታክሲ ወጪዬን የምሸፍንባት ባለውለታዬ ናት። አሁን ግን የእግሮቿ ቅርፊት ተነስቶ ኖራ የተቀቡ መስለዋል። በአንዱ እግሯም ታነክሳለች። ጎረቤታችን «ለምጽ ነው፣ ወደ ሰው ይጋባል» አሉ። አከራያችን ደግሞ ይሻላታል ብለው ነጭ ጋዝ ቀቧት። እናቴም «በሽተኛ ከምታሳድጊ ለበዓሉ ትታረድ» ብላ ቆርጣለች። ትናንሽ እህቶቼ ያቅፏታል፤ እውነት ይጋባባቸው ይሆን? መዳኛ ካላት እባካችሁ ቶሎ ንገሩኝ።
የዶሮዋ ወዳጅ ነኝ

መልስ፡- ውድ እህታችን፣ የሚያሳስብሽን ነገር ጽፈሽ ልከሻልና አንስቅም። አስቀድመን ግን ቢላዋው ወደ ማጀቱ ይመለስ እንላለን። እንደ ጻፍሽልን ከሆነ ዶሮሽን የያዛት ለምጽ ሳይሆን የእግር እከክ ይመስላል። እሱ ደግሞ በሳሙና፣ በቫዝሊንና በትዕግሥት የሚድን ነገር ነው።

ይህን በሽታ የምታመጣው ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ የምታክል፣ በዓይን የማትለይ ተባይ ናት። የሳይንስ ስሟ ክኔሚዶኮፕተስ ሙታንስ ይባላል። ከእግር ቅርፊት ሥር ሰርስራ ትገባና እዚያው ትኖራለች፣ እዚያው ትራባለች። ነጩ ዱቄት መሰል ነገር ከተባይዋ ቆሻሻና ከሞተ ቆዳ የሚጠራቀም ነው። ቸል ካሉት እግሩ እየወፈረ ይሄዳል፤ ዶሮዋ ታነክሳለች፣ ጣቷ እስከ መጣመም ሊደርስ ይችላል። ተባይዋ የምትኖረው በአዕዋፍ ላይ ስለሆነ እህቶችሽን እንደዚያ አታደርጋቸውም። ሆኖም ጤነኛ የምትመስል ዶሮም ሳልሞኔላ የተባለውን የሆድ ሕመም አምጪ ተሕዋስ ልትሸከም ትችላለችና ልጆቹ አይሳሟት፤ ከነኳት በኋላም እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።

አሁን ወደ ሕክምናው እንሂድ። ፀሐይ በወጣበት ሰዓት በሳፋ ለብ ያለ ውኃ አድርጊና ጥቂት ሳሙና ጨምሪበት። እግሮቿን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ዘፍዝፊያቸው። ከዚያ በአሮጌ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ወደ ታች፣ ወደ ጣቶቿ አቅጣጫ ቀስ እያደረግሽ እሺ። በራሱ የሚለቀው ይልቀቅ። ያልለቀቀውን በጥፍርሽ አትላጪው፤ ከሥሩ ያለው ሥጋ ይደማል፣ ቁስሉም ያመረቅዛል። በደንብ አድርቀሽ ቫዝሊን በወፍራሙ ለቅልቂያት፤ በየቅርፊቱ መሐል እንዲገባ አድርጊ። ቫዝሊኑ ተባይዋን አየር ነስቶ ያፍናታል፣ ቅርፊቱንም ያለሰልሳል።

አንድ ቀን ቀብቶ መተው ግን ዋጋ የለውም። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ቢያንስ ለአንድ ወር ቀጥዪ። እግሯ አምሮ የቀድሞ መልኩን እስኪይዝ ወራት ሊፈጅ ስለሚችል ተስፋ አትቁረጪ። ሌሎች ዶሮዎች ካሉሽ ደህና ቢመስሉም ሁሉንም ቀቢያቸው፤ ተባይዋ በንክኪና በሚያድሩበት ቆጥ ትተላለፋለችና። ቆጡን በፈላ ውኃ እጠቢ፣ ጉዝጓዙን አውጥተሽ ቀይሪ።

ነጭ ጋዝ ግን ዳግመኛ እንዳይነካት! ነጭ ጋዝም ሆነ የተቃጠለ የመኪና ዘይት ቆዳ ያቃጥላል፤ ዶሮዋ በመንቁሯ ስትጠራርገው ወደ ሆዷ ይገባል፣ ሽታውም ለሳንባዋ ጠንቅ ነው። አከራያችሁ ለደግ አስበው ነው፤ አንቺ ግን ዛሬውኑ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና እጠቢላት።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። የምታነክሰው በአንድ እግሯ ብቻ ከሆነ ገልብጠሽ ውስጥ እግሯን እይ። እብጠት፣ መሐሉ ላይም ጥቁር ነጥብ ካገኘሽ ሌላ በሽታ ነው። ከከፍታ ላይ ስትዘል፣ ሲሚንቶ ላይ ስትውል ወይም ስንጥር ሲወጋት በቁስሉ ጀርም ገብቶ መግል ይይዛል። ገና ጅምር ከሆነ ጨው ባለበት ለብ ያለ ውኃ ዘፍዝፊ፣ አድርቂ፣ አዮዲን ቀቢ፣ በንጹሕ ጎዝና ፋሻ ጠቅልለሽ በየቀኑ ለውጪ። ያ ጀርም በሰው ቁስልም ሊገባ ስለሚችል ጓንት አድርጊ። ካበጠና ከጋለ ግን ምላጭ እንዳታነሺ! ሐኪም ዘንድ ውሰጃት። ቆጡንም ዝቅ አድርጊው፤ 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለውና ጠርዙ የተሞረደ እንጨት ይሁን።

ጣቶቿንም መሐል ለመሐል ፈትሺ። በግቢ ውስጥ የወደቀ ክር ወይም የሹሩባ ጸጉር ተጠምጥሞባት ይሆናል። ከገበያ ታስራ የመጣች ዶሮ ላይ ደግሞ ሲባጎው ሥጋዋ ውስጥ ሰርጎ ሊገኝ ይችላል። ሳይፈታ ከቆየ ደም እንዳይሄድ አግዶ ጣት ያስቆርጣል። ዶሮዋ አንዱን እግሯን ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ኋላ ዘርግታ መነሣት ካቃታት ግን ማሬክ የተባለው የቫይረስ በሽታ ሊሆን ይችላል። ለእሱ ክትባት እንጂ መድኃኒት የለውም፤ ክትባቱም የሚሰጠው ጫጩት በተፈለፈለ በመጀመሪያው ቀን ነው። ስለዚህ ጫጩት የምትገዙ ሁሉ «ተከትባለች ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ለእናትሽ ምን ትያቸው? ቁጣቸው የመጣው ለልጆቻቸው በመስጋት ይመስለናል። እግሯን በፊታቸው እጠቢ፣ «አንድ ወር ስጪኝ» በያቸው። ለውጥ ካላየሽ ለእንስሳት ሐኪም አሳዪ። ሐኪሙ አይቨርሜክቲን የተባለውን መድኃኒት ካዘዘላት እንቁላሏና ሥጋዋ ለስንት ቀን እንደማይበላ ሳትጠይቂ አትውጪ። በግምት ከፋርማሲ ገዝቶ መስጠት ክልክል ነው ብለሽ ያዢው።

ለሌሎቻችሁም ዶሮ አሳዳጊዎች የምንለው ይህንኑ ነው። ላባዋ ስላማረ ብቻ ጤነኛ ናት አትበሉ፤ በወር አንዴ አንሥታችሁ እግሯን ከላይም ከታችም እዩ። አዲስ የገዛችሁትንም ከነባሮቹ ሳትቀላቅሉ አንድ ወር ያህል ለብቻዋ አቆዩአት። ከሳፋና ከአንድ ብልቃጥ ቫዝሊን በላይ ወጪ ሳትጠይቅ የምትድንን ዶሮ፣ ስሟን «ለምጻም» ብሎ ማረድ ኪሳራ ነው።