እረኛ ምን አለ?

ሰኔ 2001 ዓ.ም. ነበር። ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም የሄድሁት ለሌላ ጉዳይ ነው። ያደርሁበት ቤት ታናሽ ልጅ ግን በትምህርት ቤቷ የወላጆች ቀን «አህያ» ሆና ስለምትተውን፣ መቅረቱ ነውር ሆነብኝና ተከትያት ሄድሁ። መድረኩ ከተማሪ ጠረጴዛ የተገጣጠመ፣ መጋረጃው አቡጀዲ፣ የሙዚቃው ጓድ አንድ ከበሮና አንድ ማሲንቆ።

ተውኔቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዜማ የሚባል ነው። አህዮች «ቁጥራችን ስለምን ቀነሰ?» በሚል አጀንዳ ተሰብስበዋል። ሰብሳቢው ጅብ ነው፤ ቃለ ጉባኤ ያዡም ጅብ። ጥያቄ ያነሣ አህያ ሁሉ «ግሩም ሐሳብ ነው» ተብሎ ይመሰገናል፤ ወዲያውም ሐሳቡን ለሚያጠናው ንዑስ ኮሚቴ ተመርጦ ከመጋረጃው በስተጀርባ ይወሰዳል። የቀሩት በአንድ ድምፅ ያጨበጭባሉ። የሰብሳቢው ሆድ (ከአንድ ወላጅ የተለመነ ትራስ ነው) ከትዕይንት ወደ ትዕይንት ያብጣል። ልጆቹ ይህን የስብሰባ ቋንቋ ከየት ተማሩት ብሎ መጠየቅ አያሻም፤ ለመሆኑ በዚያ ዘመን ከስብሰባ የተረፈ የጎጃም ገበሬ ማን ነበር?

ሳቅን። ከፊት ወንበር የተቀመጡት ሹማምንትም ሳቁ፤ እያንዳንዳቸው ጅቡ የጎረቤት ቀበሌው ሊቀ መንበር ነው ብለው ያሰቡ ይመስላል።

በመጨረሻ አንዲት አህያ ብቻ ቀረች። ያቺው ያደርሁበት ቤት ልጅ ናት፤ ጆሮዋ ከካርቶን የተቆረጠ። ሰብሳቢውን በዜማ አመስግና መውጣት ነበረባት። እሷ ግን ዝም ብላ መጋረጃውን ተመለከተች። ከዚያም ያለ ዜማ «ጋሼ፣ ኮሚቴው መቼ ነው የሚመለሰው?» አለች። ከበሮው ቆመ። ጅብ የሆነው ልጅ መልስ ጠፋው። መምህሩ በኋላ «ሌላውን ሁሉ እኔ ጽፌዋለሁ፤ ያቺን ግን አልጻፍኋትም» አለኝ።

በእንስሳት አፍ ሹምን መሸንቆጥ ለመድረካችን አዲስ ነገር አይደለም፤ የመድረካችን መነሻ ራሱ ይኸው ነው። በሩሲያ የተማሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. ገደማ ያቀረቡት የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት የአውሬዎች ኮሜዲያ ነበር። ቤተ መንግሥቱ ከሰሙ ሥር ወርቁን ለማግኘት አልተቸገረም፤ ንግሥት ዘውዲቱ አገዱት። ከእሳቸው በኋላ ከምዕራብ ጎጃም ጋር ከሚዋሰነው ደብረ ኤልያስ የወጣው ባለቅኔ ዮፍታሔ ንጉሤ፣ በአዲስ አበባ የቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት መምህር ሆኖ፣ ዜማ ያለባቸውን ተውኔቶቹን በተማሪዎች ያጫውት ነበር። ስለምን በተማሪዎች? በዚያ ጊዜ ሙያው ያለው ተዋናይ አልነበረምና፤ ይህ እውነት ነው። እኔ ግን ሌላም ምክንያት ይታየኛል። ልጅ የተናገረው ነገር «ልጅ ነው» ተብሎ ይታለፋል።

በዚያች ዕለት ያሳፈረኝ ይኸው ነው። በስብሰባ ላይ ለመናገር የፈራነውን እንዲናገሩልን ልጆቻችንን መድረክ ላይ አወጣን፤ እኛ ከታች ተቀምጠን ሳቅን። በሳምንቱ መምህሩ ተጠርቶ «ማን ጻፈልህ?» ተብሎ ተጠየቀ። ከሳቅነው መካከል አብሮት የሄደ አልነበረም። እኔም ወደ ቡሬ ተመልሼ ነበር።

የቀድሞ መኳንንት በዚህ ረገድ ከእኛ የተሻሉ ነበሩ። አገሩ እንዴት እንዳደረ ለማወቅ ሲሹ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ ነበር። እረኛ ከብት እየጠበቀ የሚያንጎራጉረውን ማንም አይጽፍለትም፤ ቁም ነገሩ ይህ ነው። መምህሩ የጻፈው ግሩም ነበር፤ ነገር ግን የአዋቂ ምሬት ነው፣ የት እንደሚደርስ እናውቀዋለን። ያልተጻፈችው ጥያቄ ግን የልጅቱ የራሷ ነበረች፤ ከእኛ ያልተበደረች። ስለዚህም ነው ሳቃችን የተቋረጠው። የቡሄ ልጆችም ይህን መብት ከጥንት ጀምሮ ይዘውታል። ሆያ ሆዬ እያሉ በየደጁ ሲዞሩ ሙልሙል የሰጠውን ያሞግሳሉ፣ የነፈገውን ይሳለቁበታል፤ በዚህም የሚቀየም ባለቤት በሰፈሩ ዘንድ ራሱ መሳቂያ ይሆናል።

ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ቡሄ ስድስት ቀን ሲቀረው፣ ስሟ «የሰላም መንገድ» በሆነው በዚያች ከተማ ነዋሪዎች የአየር ጥቃት ባሉት ፍንዳታ ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን የሆስፒታል ባለሥልጣን ለዜና ወኪሎች ተናገረ። ጦርነቱ ከዚያ ወዲህ በየገጠሩ ትምህርት ቤቶችን ዘጋ። በ2017 የትምህርት ዘመን በአማራ ክልል ከአራት ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ ነበሩ፤ ይህን የተናገረው የክልሉ ትምህርት ቢሮ ራሱ ነው። የወላጆች ቀንን ማን ያስባል? ሁለቱም ወገኖች በሕዝቡ ስም ይናገራሉ፤ ሁለቱም የሚያጨበጭብላቸውን ይሻሉ።

በዚያ ዓመት የቡሄ ሰሞን ከቡሬ ወጣ ብላ በገጠር የምትኖረው አክስቴ በስልክ ተገኘችልኝ። ልጆቹ ቡሄ ጨፈሩ ወይ? አልኋት።

«ጨፈሩ። ጅራፍ ግን አታጩሁ አልናቸው፤ ሰው ይደነግጣል።»

«ምን እያሉ ጨፈሩ?»

«ማን ሰማቸው ብለህ፣ ልጄ» አለችኝ።