ለዘንድሮ ጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይላል ተረታችን። ሁላችንም ስንሰማው ያደግነው ነው። ጥሩ ልብስ ያለው ሰው ለትልቁ ቀን ካልለበሰው ለመቼ ሊሆነው ነው? ለማለት ነው። እኔ ግን ዛሬ ከዚህ ተረት ጋር ትንሽ ልከራከር ነው የመጣሁት። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ አይበጣጠስ! ይታጠብ፣ ይታጠፍና ሻንጣ ውስጥ ይቀመጥ። ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ።

አልጋዬ ሥር አንድ ትልቅ ሻንጣ አለ። የከፈተው ሰው የሦስት እህትማማቾች ልብስ ነው የሚመስለው። ሰፊ ሱሪ አለ፣ መካከለኛ ሱሪ አለ፣ የሕፃን የምታክል ሱሪም አለች። ሁሉም የኔ ናቸው። አንዷ የክፍሌ ልጅ ለማጥናት ቤት መጥታ ስታየው «ሱቅ ልትከፍቺ ነው እንዴ?» ብላ በሳቅ ልትሞት ነበር። ቀጥላም ምክር ሰጠችኝ። «የማይበቃሽን ምን ያደርግልሻል? የአሁኗን አንቺን ብቻ ያዢ፤ ሌላውን ለሰው ስጪና ቤቱ ይተንፍስ» አለችኝ። ምክሯ ክፋት የለበትም። ብዙ ሰው ዛሬ እንደዚያ ነው የሚያስበው። እኔም ከአንድ ዓመት በፊት ብትነግረኝ ኖሮ «ልክ ነሽ» ብዬ ሁሉንም እሰጥ ነበር።

አንድ ነገር ግን አስታውሱ። ልጅ እያለን አንድም ልብስ በልካችን ተገዝቶልን አያውቅም። መስከረም ሲጠባ እማዬ እጄን ይዛ ሾላ ገበያ ትወስደኝና ዩኒፎርሙን ትለካኛለች። እጅጌው ጣቶቼን ይውጣል፣ ቀሚሱ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ይደርሳል። «እማዬ ሰፋኝ እኮ!» ስላት መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ታድጊበታለሽ።» ጫማውም «ታድጊበታለሽ»፣ ሹራቡም «ታድጊበታለሽ»። ሰውነት እንደሚለወጥ፣ ዛሬ ያልሆነ ልብስ ነገ እንደሚሆን የኢትዮጵያ እናቶች ሁሉ ያውቃሉ። ታዲያ ትልቅ ስንሆን ምን ነክቶን ነው ገላችን በአንድ ቁጥር ላይ ተቸንክሮ እንዲቀር የምንጠብቀው?

አሁን ወደ ራሴ ታሪክ ልግባ። በ2017 ዓ.ም. የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆኜ ትምህርት ስጀምር 55 ኪሎ ነበርኩ። ኅዳር ላይ ሱሪዬ ይላላብኝ ጀመር። ቀበቶዬን በሚስማር አንድ ቀዳዳ ጨመርኩለት። ታኅሣሥ ላይ ሌላ ቀዳዳ። በዚያን ሰሞን ግቢ ውስጥ የሰማሁትን ብትሰሙ! «ዋው፣ ሞዴል መሰልሽ!» «ዳይት ነው? እስቲ ለእኛም ንገሪን!» «አሁን ነው ያማረብሽ!» ምን አለፋችሁ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ተመስግኜ አላውቅም። ማታ ማታ ያልበኛል፣ እስላለሁ፣ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይከዳኛል። ቢሆንም ምስጋናው ጣፈጠኝ። ሳሉን ብርድ ነው አልኩ፤ ድካሙን የፈተና ነው አልኩ። ይባስ ብዬ ትንሿን ሱሪ የገዛሁት ያኔ ነው። «የአሁኗን እኔን» ለማስጌጥ መሆኑ ነው እንግዲህ።

ያዳነኝ ቀሚሴ ነው።

ቤታችን የካ ሚካኤል አካባቢ ነው። ጥር 12 የቃና ዘገሊላ ዕለት የሚካኤል ታቦት ሲመለስ ሰፈሩ በሙሉ በነጭ ልብስ ይወጣል። እኔም ያለፈው ዓመት የተሰፋልኝን የሐበሻ ቀሚስ ለበስኩ። በልኬ የተሰፋ ነበር፤ አሁን ግን ከትከሻዬ ይንሸራተታል፤ በነጠላ ብሸፍነውም አልሆነም። አንዲት ጎረቤታችን፣ እማዬን በልጅነቷ የሚያውቋት እናት ናቸው፣ ከእልልታው መሀል ክንዴን ያዝ አድርገው አዩኝ። «ልጄ፣ ይሄ ቀሚስ አምና ልክሽ አልነበረም እንዴ? ምን ሆነሽ ነው?» አሉኝ። አፈርኩ። እውነቱን ለመናገር ተናድጄባቸውም ነበር። የሰው ገላ ምን አገባቸው ብዬ። እሳቸው ግን እዚያው አልተዉትም፤ ማታ ቤት ድረስ መጥተው ለእማዬ ነገሯት።

በሦስተኛው ቀን ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሚዛን ላይ ስወጣ 43 ኪሎ። አክታ ተመረመርኩ፣ ራጅ ተነሣሁ። ውጤቱ የሳንባ ቲቢ ነበር።

እንግዲህ አስቡት። ሁለት ወር ሙሉ «አማረብሽ» ሲለኝ የከረመ ሰው ሁሉ እያመሰገነ የነበረው በሽታዬን ነው። በደግነት ነው ያደረጉት፤ አንዳቸውም ክፉ አላሰቡም። እውነቱን የተናገረው ግን በአምና ልኬ የተሰፋው ቀሚስ ነው። ቤታችን ሚዛን የለም። በአብዛኞቻችን ቤት የለም። የእኛ ሚዛን ልብሳችን ነው። አዲስ ልክ በገዛን ቁጥር የድሮውን እየጣልን ብንሄድ ኖሮ ያን ቀን ትንሿን ሱሪ ለብሼ ልክክ ብላብኝ እወጣ ነበር፤ ማንም ምንም አያይም ነበር።

ሕክምናው ስድስት ወር ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት አራት ዓይነት መድኃኒት በአንድነት የያዘ ኪኒን፣ ቀሪዎቹን አራት ወራት ሁለት ዓይነት መድኃኒት የያዘ። በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል። በቀን የሚዋጠው የኪኒን ብዛት የሚወሰነው በኪሎ ነው። ለእኔ ሦስት ፍሬ ታዘዘልኝ። በቀጠሮ ስሄድም ሚዛን ላይ እወጣለሁ። ባለሙያዋ ቁጥሩን ስትጽፍ ፊቷን ነው የማየው፤ ፈገግ ካለች ጨምሬአለሁ ማለት ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ከሰፈራችን ቀና ሲሉ የሚታየው የእንጦጦ ሰንሰለት ከዚህ በሽታ ጋር የቆየ ትውውቅ አለው። በጋራው ግርጌ፣ በጉለሌ በኩል፣ ያለው ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል መጀመሪያ የተቋቋመው ለሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ነው። መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ በአገራችን ሕክምና የተጀመረውም በ2001 ዓ.ም. እዚያው ነው። ስትሬፕቶማይሲን የተባለው መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1943 ከመገኘቱ በፊት በዓለም ላይ ለነቀርሳ ይታዘዝ የነበረው የተራራ አየር፣ ዕረፍትና ጥሩ ምግብ ነበር። ያኔም ሐኪሞች በሽተኛውን እየመዘኑ ነበር ተስፋውን የሚለኩት። እንግሊዞች ድሮ በሽታውን የሚጠሩበት ስም «መበላት፣ ተበልቶ ማለቅ» እንደ ማለት ነው። ሰውነትን ከውስጥ ስለሚበላ።

ወደ ልብሱ ልመለስ። መድኃኒቱን በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት ቀሚሶቼንና ሱሪዎቼን ሰብስቤ ሾላ ገበያ ወደሚሠሩ ልብስ ሰፊ ሄድኩ፤ እማዬም አብራኝ። ሰፊው በጠመኔ ምልክት እያደረጉ «ትርፉን ልቁረጠው ወይስ ወደ ውስጥ ልጠፈው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ ደክሞኛል። «ይቆረጥ» አልኩ። ያኔ ተመልሼ የምሞላው አልመሰለኝም ነበር። እማዬ ግን ከኋላዬ «አይቆረጥም! ወደ ውስጥ ይታጠፍ!» አለች፤ ድምፅዋ ትንሽ ጮክ ብሎ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ቀስ ብላ «ትመለሺበታለሽ» አለችኝ።

«ታድጊበታለሽ» የምትለዋ ያቺው እናቴ ናት። በዚያች ቃል ውስጥ ከሐኪሙ ያልሰማሁት ነገር ነበር። ሐኪሙ «ትድኛለሽ» ብሎኛል፤ ሰምቼዋለሁ። እማዬ ግን ለምድነው እኔ ቀሚስ ላይ አራት ጣት ጨርቅ አስቀመጠችልኝ።

እዚህ ላይ የአባቶቻችንንና የእናቶቻችንን አለባበስ ማሰብ ጥሩ ነው። ነጠላ፣ ጋቢና ኩታ ስሞል፣ ላርጅ የለውም። የድሮ ቀሚስ ሰፋ ተደርጎ ይሰፋና ወገቡ ላይ መቀነት ይታሰርበታል። ሴቷ ስታረግዝ መቀነቱ ይላላል፤ አራስ ሆና ገንፎና አጥሚት ስትጠጣ ይላላል፤ በ55 ቀኑ ሁዳዴ ይጠብቃል፤ ከፋሲካ በኋላ እንደገና ይላላል። ቀሚሱ አንድ ነው፤ የሚለወጠው መቀነቱ ነው። ያ አለባበስ ሰው በዓመት ውስጥ እንኳ አንድ ልክ እንደሌለው ያውቅ ነበር። የዛሬው የሐበሻ ቀሚስ ግን በሜትር ተለክቶ፣ ገላ ላይ ተጣብቆ፣ በዚፕ ይዘጋል። ለኅዳር ሠርግ የተለካች ልጅ ለጥር ሠርግ ዚፑ እምቢ ቢላት ጥፋቱ የማን ነው? የእሷ ነው ወይስ ትርፍ ያልተወለት ስፌት?

ተቃውሞ እንደሚኖር አውቃለሁ። አንዱ «ጠባቧን ሱሪ የማስቀምጠው እንድከሳ እንድታበረታታኝ ነው» ይላል። በ2013 ዓ.ም. በተከፈተው የእንጦጦ ፓርክና በዙሪያው ቅዳሜ ጠዋት የሚሮጠውን ሰው አይቻለሁ፤ ሩጫ ጤና ነው፤ ሩጡ። ነገር ግን ቁም ሳጥን በከፈታችሁ ቁጥር የምትሰድባችሁን ሱሪ ስጧት ባይ ነኝ። የሚቀመጥ ልብስ ጤነኛ ሆናችሁ የኖራችሁበት ወይም ልትመለሱበት የምትችሉት ነው። ሌላው ደግሞ «አንድ ቅያሪ ያጣ ሰው ባለበት አገር ሦስት ልክ ማከማቸት ግፍ ነው» ይላል። ይሄኛው ያሳስበኛል። መልሴ፦ ብዙ አታስቀምጡ። ከየልኩ አንድ ሁለት ይበቃል፤ ትርፉ ለሚያስፈልገው ይሂድ። ትርፉ ከተጠፈ ደግሞ አንዱ ቀሚስ ራሱ ሁለት ልክ ነው። ቦታ የለንም ለምትሉም፣ እኛም አምስት ሆነን ሁለት ክፍል ውስጥ ነው የምንኖረው። አንድ ሻንጣ አልጋ ሥር ይገባል። ታጥቦ፣ ፀሐይ ላይ በደንብ ደርቆ ይግባ፤ እማዬ ብል እንዳይበላው ብላ የባሕር ዛፍ ቅጠል ጣል ታደርግበታለች።

መድኃኒቱን ሐምሌ 2017 ጨረስኩ። የመጨረሻው ምርመራ ነፃ መሆኔን አሳየ። ስንት ኪሎ የሆንኩ ይመስላችኋል? 58! ከድሮውም በሦስት በለጥኩ። ሾላ ስንመለስ ሰፊው የተጠፈውን ፈቱት፤ አራቱም ጣት ጨርቅ ወጣ፤ አልተረፈም። ከተቆረጠ ኖሮ ቀሚሱ አልቆለት ነበር። ዘንድሮ፣ በጥር 2018፣ ያንኑ ቀሚስ ለብሼ ታቦቱን አጀብኩ። ጎኑ ላይ የድሮው ስፌት መስመር ደብዘዝ ብሎ ይታያል፤ ሰው ቢያየውም ግድ አልሰጠኝም። እኚያ ጎረቤታችን ከሩቅ አዩኝና «እሰይ! ሞላሽው!» አሉ። ትንሿን ሱሪ ለታናሽ እህቴ ልሰጣት ነው፤ ለእሷ ጤነኛ ልኳ ነው። አምስት ቀዳዳ ያለው ቀበቶ ግን ከእኔ ጋር ይቆያል።

ለምን ይህን በትምህርት ክፍላችን መጽሔት ላይ ጻፍኩት? እኛ ጋዜጠኞች ልንሆን ነው፤ ሥራችን ማየትና መጠየቅ ነው። ታዲያ አጠገባችን የተቀመጠ ልጅ ልብስ ሲሰፋው አይተን «ዳይት ነው?» ብለን ማለፍ አያምርብንም። «ከሳህ፣ ወፈርሽ» እያልን በኮሪደር ላይ መጮህም ሌላው ጥፋት ነው። ገለል አድርጋችሁ፣ ቀስ ብላችሁ «ደህና ነሽ ወይ?» በሉ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ ትኩሳት ወይም ያለ ምክንያት መክሳት ካለ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል፤ እኔ የደበቅሁት ከራሴም ነበር።

እና ልብስ ሰፊ ዘንድ የሄዳችሁ ቀን፣ «ልቁረጠው ወይስ ልጠፈው?» ከተባላችሁ መልሱን ታውቁታላችሁ።

ቸር ይግጠመን!