ያለመግዛት አድማ የሚሠራው መቼ ነው?

ሰሞኑን ሆሳዕና ላይ ከክፍል ስወጣ አንድ ተማሪዬ ተከትሎኝ፣ «ዶክተር፣ በቪዲዮ ጨዋታ ኩባንያዎች ላይ የሚጠራው ያለመግዛት አድማ ውጤት አለው?» ሲል ጠየቀኝ። ፈገግ አልኩ። በከተማችን የፕሌይስቴሽን ቤቶች ወጣቱ በጨዋታ እየቆጠረ የሚከፍለው ለቤቱ ባለቤት ነውና፣ ሆሳዕናና ዱራሜ ተባብረው ቢያድሙ እንኳ የባሕር ማዶው ኩባንያ ወሬውን አይሰማም። ጥያቄው ግን የሚናቅ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2009 «ሞደርን ዋርፌር 2»ን አንገዛም ብለው ከተሰባሰቡት መካከል ብዙዎቹ፣ ጨዋታው በወጣ ዕለት እርሱኑ ሲጫወቱ ታይተዋል። በ2017 ግን በ«ስታር ዋርስ ባትልፍሮንት 2» ላይ የተነሣው ቁጣ፣ ጨዋታው ለገበያ ሊቀርብ ሰዓታት ሲቀሩት ኤሌክትሮኒክ አርትስ በውስጡ የነበረውን በገንዘብ የሚፈጸም ግዢ ለጊዜው እንዲያነሣ አስገድዶታል። ልብ በሉ፤ ኩባንያው እጁን የሰጠው ካዝናው ጎድሎ ሳይሆን ስሙ እንዳይጎድፍ ሠግቶ ነው።

በአገራችንም ይኸው ታይቷል። ሄኒከን በ2003 ዓ.ም. የገዛው የበደሌ ቢራ፣ የቴዲ አፍሮን «ወደ ፍቅር ጉዞ» የሙዚቃ ዝግጅት ሊደግፍ ተዋውሎ ነበር። ድምፃዊው ስለ አፄ ምኒልክ ዘመቻ ተናግሯል የተባለው ቃል በኦሮሞ ወጣቶች ዘንድ ቁጣ ቀሰቀሰ፤ «በደሌን አትጠጡ» የሚል ዘመቻ በማኅበራዊ ድረ ገጾች ተቀጣጠለ። ቴዲ ቃሉ የእኔ አይደለም ሲል አስተባበለ። ሄኒከን ግን በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ከድጋፉ ወጣ። (በእኛ አካባቢ በሃይማኖት ምክንያት ቢራ የማይቀምሰው ብዙ ነውና፣ አድማው ደጃችንን ሳያንኳኳ አለፈ።)

የአድመኞቹን የታሪክ ቁስል አላቃልልም፤ ቁስሉ እውነተኛ ነው። ቢራን መተውም ቀላል ነበር፤ አጠገቡ ሌላ ጠርሙስ አለ። ሳፋሪኮም በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ገበያውን እስኪቀላቀል ድረስ በቴሌ ላይ ማደም ግን ደቡብ አፍሪካ ካለ ወንድም ድምፅ መለየት ነበር። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ለስሙ የሚፈራ ነጋዴ የክሱን እውነትነት የሚያጣራበት ምክንያት የለውም፤ ውል ማፍረስ ከመመርመር ይረክሳልና። አድማው የሚያሸንፈው በዚህ ፍርሃት ከሆነ፣ እውነተኛውም ሐሰተኛውም ክስ እኩል ያሸንፋል።

ይህንኑ ለተማሪዬ ነገርኩት። በየትኛው ኩባንያ ላይ ለማደም እንዳሰበም ጠየቅሁት። ገና አልወሰነም።